በረኪናና ይሉኝታ

የሐምሌ ዝናብ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን የታናሽ ወንድማቸውን የከፈለኝን አንሶላ በፌስታል ይዘው ከሐኪም ቤት ሲመለሱ፣ ዲላ ከሚገኘው ግቢያቸው በር ላይ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከቤቴል ጋር ተገጣጠሙ። ቤቴል ወደ ሌላ ቤት እያለፈች ነበር። ከፈለኝ ግን ቡና ሊገዛ ከሰነበተበት ከጨለለቅቱ ከተማ እያስመለሰውና እያስቀመጠው መጥቶ፣ ትናንት በሰው ሸክም ሐኪም ቤት መግባቱን ሰምታለች።

«ይማርልዎት እትዬ። አንሶላውን የት ሊያጥቡት ነው?» አለች።

«ከግቢው ቧንቧ ሥር ነዋ።»

«እባክዎ እዚያ አይሁን። መጀመሪያ በረኪና ባለበት ውሃ ይዘፍዘፍ። ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ላግዝዎት።»

የወይዘሮ ጥሩብርሃን ፊት ተለዋወጠ። ጠዋት ሲወጡ ተከራያቸው ሩቂያ የሁለት ዓመት ልጇን ሐያትን ከደጅ አንስታ በሯን ስትዘጋ አይተዋል። ስምንት ዓመት አብረው በኖሩበት ግቢ በር ሲዘጋባቸው የመጀመሪያው ነበር።

«አንቺም እንደ ሩቂያ ወንድሜን ተጸየፍሽው ማለት ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከፈለኝ መድኃኒት የሚረጭበት ትኋን አይደለም። ደግሞ የበረኪናው ሽታ መንገድ ድረስ ሲወጣ ማን ሱቄን ይረግጣል?»

እንዲህ ያለው ይሉኝታ በብዙ ቤት አለ። ሰው በሽታን ከታማሚው ለይቶ ማየት ሲያቅተው፣ ንጽሕናን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ቤቴል ይህን ስለምታውቅ አልተቆጣችም።

«የምንጸየፈው እሳቸውን ሳይሆን ከእሳቸው የወጣውን ጀርም ነው፣ እትዬ። ለዓይን አይታይም እንጂ ከጨርቅ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል።»

«እሱንማ አጥፍቼዋለሁ። ልጄ ከሐዋሳ የላከችልኝ፣ ጀርም የሚገድል እርጥብ ሶፍት አለ። ቤቱን ሁሉ ጠርጌበታለሁ።»

«ስንት ፈጀ?»

«አንዱ በቃኝ። ማባከን ምን ያደርጋል?»

«ከየት ጀመሩ?»

ወይዘሮ ጥሩብርሃን እልህ ይዟቸው በጣታቸው እያመለከቱ ቆጠሩላት። «ያስመለሰበትን የአልጋ ብረት። ከዚያ ወንበሩን፣ የበሩን እጀታ፣ ከደጅ ያለውን የውሃ በርሜል ክዳን፣ መቅጃ ጣሳውን…»

ድምፃቸው ተቋረጠ። ከበርሜሉ የሚቀዳው ግቢው በሙሉ ነው። ጠዋት ሐያት በዚያ ጣሳ ስትጠጣ በዓይናቸው አይተዋታል።

«ሶፍቱ አልበደለም» አለች ቤቴል። «ግን ያን ሁሉ ትውኪያ የማጥፋት አቅም የለውም። ቆሻሻ የነካው የሶፍት ቅጠል ደግሞ ወዲያው ይጣላል እንጂ ሌላ ዕቃ አይጠረግበትም። ለሩቂያ እኔ ልንገራት?»

«አይሆንም። እኔው ነኝ የምነግራት።»

ከሩቂያ በር ለመድረስ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ለእሳቸው ግን ያ መንገድ ረዘመባቸው። አንኳኩተው ሩቂያ ስትከፍት፣ ሳይሸፋፍኑ የሆነውን ነገሯት። ሩቂያ ልጇን አቀፈች።

«በሩን የዘጋሁት ፈርቼ ነው» አለች። «እንዳልነግርዎት ይከፋዎታል ብዬ አፈርኩ። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ጣሳውንም ባነሳሁት ነበር።»

ቤቴል ሁለቱን ሴቶች ወደ ሥራ አስገባቻቸው። የበርሜሉ ውሃ ተደፋ። ጓንት አጠለቁ፤ መስኮት ከፈቱ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጠበጡና አንሶላውን ዘፈዘፉበት። የተበከለውን ዕቃ መጀመሪያ በሳሙና አጥበው፣ በብጥብጡ አርሰው አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ በርሜሉንና ጣሳውን ደግሞ ደጋግመው በንጹሕ ውሃ አለቀለቁ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን እንዲበረታ ብለው ሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ሊጨምሩበት ሲሉ ቤቴል እጃቸውን ያዘች። «ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም አይቀላቀልም። የተረፈውንም በለስላሳ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።»

በማግስቱ ከሰዓት ሐያትን አስቀመጣት። ሩቂያ ግን ጥርስ ነው፣ ብርድ ነው ብላ አልዘገየችም። ቤቴል የሰጠቻትን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እያጠጣች፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ጃንጥላ ይዘውላት ጤና ጣቢያ ደረሱ። የመረመራት ነርስ፣ ልጅቷ የሰውነቷ ውሃ ሳያልቅ መምጣቷ እንደጠቀማት ነገራቸው። ሦስት ቀን እየተፈራረቁ አስታመሟት። በአራተኛው ቀን ሐያት ዳቦ ጠየቀች።

ከፈለኝ ከስቶ፣ በሰው ትከሻ ተደግፎ ሲመለስ፣ እህቱ ጓንት አጥልቀው የአልጋውን ብረት በበረኪና ሲያሹ አገኛቸው።

«ተጸየፍሽኝ እንዴ እቴ?» አለ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«አልተጸየፍኩህም» አሉት። «በአንተ አፍሬ ስሸፋፍን የሰውን ልጅ ላጠፋ ነበር። አሁን ቁጭ በል፤ መጀመሪያ ግን እጅህን በሳሙና ታጠብ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ ሰው ሲታመም የሚደበቅ የለም። ጎረቤት ዕለቱን ይነገረዋል፤ በረኪናው ስሙ ተጽፎበት ልጅ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሶፍቱም ለአንድ ቦታ አንድ ቅጠል ነው። የበረኪናው ሽታ መንገድ ድረስ ይወጣል። ደንበኛ ምን ሆናችሁ ብሎ ሲጠይቅ፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ወንበር ስበው ያስቀምጡትና ከጣሳው ጀምረው ይነግሩታል።