ውጭ ያደሩት ችግኞች

ግቢ፣ ግቢ ጎረቤቴ! ጉልበትሽ ተሻለሽ? በሩን ገጠም አድርጊው፣ ብርዱ ነው። እኔማ ደህና ነኝ፤ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኝቼ ይኸው ወጣሁ። የጓዳው በር ገርበብ ማለቱ አያሳስብሽ፤ አየር ይግባ ብዬ ነው... ደግሞስ ስለ ቲማቲም ብናወራ ማን ይከፋዋል?

አየሻቸው ችግኞቼን? አሥራ ሁለት ናቸው። ሰማንያ ነበሩ... ዘሩ የአማቴ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፤ በየዓመቱ ምርጥ ምርጡን እያስቀሩ ያቆዩት። ሊሞቱ ሲሉ ጠርተው የመጨረሻዋን ጭብጥ ለእኔ ሰጡኝ። የገዛ ልጃቸው እያለች ለምን ለምራት? እኔ ምን አውቄ! ልጇን እናት ታውቃለች።

መቼም ቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ ዘሎ ውርጭ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ጥላ ሥር፣ በማግስቱ ሁለት፣ እያለ ሁለት ሳምንት ይለማመዳል፤ ማታ ማታ ግን ቤቱ ይገባል። ይህንኑ ወረቀት ላይ ጽፌ በር ላይ ለጥፌ ሄድኩ። አደራውንስ ለማን? ለዘመድ፣ ለባለቤቴ እህት ነዋ!

እሷ ደግሞ ሆዷ አይችልም። «ምን በወጣቸው ይታፈናሉ?» ብላ በአንድ ቀን ሰማንያውንም አወጣችልኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እዚህ ቤት እንቁላሉን ሩጥ የሚለው ሰው አለ። በማውጣትማ ማን ይደርስባታል! ማስገባቱ ላይ ነው... ፀጉር ቤት ቀጠሮ ነበራት፣ ከዚያም ጓደኛዋ ዘንድ አደረች። ወረቀቱን አላየችውም እንዳትይኝ፤ ከግርጌው የፀጉር ሠሪዋን ስልክ ጽፋበት አገኘሁት፣ ያውም ባማረ እጅ ጽሑፍ።

ስመለስ ጠቁረው ሳያቸው፣ አልዋሽሽም፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የኛዋ ግን ደግ ናት፣ መልቀሙን ለእኔ ተወችልኝ። ደግሞ አሥራ ሁለቱን ያተረፈችው ማን ሆነና? ቦታ ቢጠባት አግዳሚው ሥር ገፍታቸው ነው እኮ!

ትናንት «የእናቴ ዘር አይደል? ስድስቱን አካፍይኝ» አለች። ደስ አለኝ! እናቷን አስታወሰቻ። «ውሰጂ፣ ብቻ ሁለት ሳምንት ራስሽ እያወጣሽ ራስሽ አስገቢያቸው» አልኳት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወገቧን ያዛት። ይኸው እዚያ ጓዳ ተኝታለች፣ ምስኪን... ሲያስለኝ እንኳ ትገላበጣለች።

እግዜር ይማርልኝ። ዕድሜዋን ያርዝምልኝ! ሸምግላ አልጋ ላይ ስትውልም እንደሷው ሆደ ቡቡ የሆነ ልጅ ይስጣት፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንድትሞቅ ከነአልጋዋ ደጅ የሚያወጣት...

አሜን በይ እንጂ!