ሰባት ቤት ፍለጋ

ሄሎ? ... ሄሎ፣ ኢያቄም? ትሰማኛለህ? ... ቆይ፣ ወደ በሩ ልጠጋ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም ... አሁንስ? ... እሺ። ንጋት ነኝ እንጂ፣ በእኔ ስልክ ማን እንዲያነሳልህ ነበር?

... ኩልመስክ። ... አዎ፣ ኩልመስክ ነው ያልኩህ። ... እናቴማ ወልድያ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ያለሁ ነው የሚመስላት። የሠርግ ቀሚሴን ስፌት ላስቀር ብያት ነው የወጣሁት።

... አባትህ ምን አሉ? ... መቼ? ... እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው "ሠርጉ ቀርቷል" ሊሉ። ... አንተስ ምን አልካቸው? ... ዝም አልክ። ጎበዝ። ስትቀድስ ድምፅህ ከላሊበላ ቤተ ማርያም ገበያው ድረስ ይሰማል፣ አባትህ ፊት ግን ሹክሹክታ እንኳ አይወጣህም። ... እሺ፣ እሺ፣ አልቆጣሁም። ተቆጥቻለሁ፣ ግን በኋላ እንጣላለን።

... አውቃለሁ። አባ ወልደ ሩፋኤል ክፉ አላሰቡብንም። የንስሐ አባቴ ናቸው፣ እኔን ክርስትና ያነሱኝም እሳቸው ናቸው። ሰባት ቤት ሳይሞላ አላጋባም ማለታቸው ደንባቸው ነው፣ አንተም ነገ ቄስ ስትሆን እንደዚያው ትላለህ። ያንተን ቆጠሩ፦ አንተ፣ አባትህ፣ አያትህ የሻው፣ የሻው የደሳለ ልጅ፣ ደሳለ የወልደ ኪዳን ልጅ። የእኔን ቆጠሩ፣ የአያቴ አባት የደሳለ ወንድም ሆኖ አረፈው። "አምስተኛው ቤት ላይ ወልደ ኪዳን ዘንድ ተገናኛችሁ፣ ዘመድ ናችሁ" አሉ። በቃ። ያንተ ቤት አለቀሰ፣ የእኔ ቤት አለቀሰ፣ ጠላ የጠመቀችው እናቴ ጋኑን ከደነች። አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ "እስቲ ኩልመስክ ሄደን የደሳለን ቤት እንጠይቅ" ያለ የለም።

... ስማኝ እስቲ። ከጧት ጀምሮ ቀበሌው ቢሮ ነበርኩ። የልደትና የጋብቻ ምዝገባ የሚሉት ትናንት የተጀመረ ነገር ነው፣ የእኛን አያቶች አያውቃቸውም። አቶ ጋሻዬ የሚባሉ ሰው አሉ፣ የቀበሌው የመሬት ሠራተኛ ናቸው፤ የድሮው ወረቀት በጦርነቱ ጊዜ ግማሹ ተበትኖ የተረፈው በማዳበሪያ ከረጢት ነው ያለው አሉኝ። እንግዲያው ከረጢቱን ያውጡልኝ አልኳቸው። ... አወጡልኝ እንጂ። ምን ያድርጉ፣ ከበሩ አልነሳላቸው አልኩ።

... አገኘሁ። የደርግ ጊዜ የገበሬ ማህበር መዝገብ። ደሳለ ወልደ ኪዳን፣ ሚስቱ፣ ከዚያ ሴት ልጅ እየሩስ፣ ከዚያ ... ወንድ ልጅ የሻው። ... አዎ፣ "ልጅ" ነው የሚለው፣ በደንብ ይነበባል። ... አለቀስኩ፣ ምን ልዋሽህ። ከረጢቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አቶ ጋሻዬ ውሃ አመጡልኝ።

አይ፣ ቆይ አትዝጋው፣ አልጨረስኩም። ሳለቅስ ሳለቅስ አንድ ነገር መጣልኝ። ደሳለ ሞቷል፣ አያትህም ሞተዋል፣ አያትህ ላሊበላ ከገቡ ወዲህ ተቆራርጣችሁ የቀረች እየሩስ የምትባለው ልጅስ? አሁን ያለውን የመሬት መዝገብ ይክፈቱልኝ አልኳቸው። አለች። እየሩስ ደሳለ፣ መሬቷ በስሟ ነው። በሕይወት ካለች በዚያ ቤት ያደገ ሰው እሷ ብቻ ናት፣ የምትለውን ከአፏ መስማት አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

... አላገኘኋትም። ከተማውን ዞርኩ፣ "እየሩስ ደሳለ" ስል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ሞታ ይሆናል አሉኝ። ተመለስኩና አዋሳኟ ማን ነው አልኩ። ... አዋሳኝ፣ የመሬት ድንበርተኛ። መዝገቡ ላይ ይጻፍ የለም? በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ። በሰሜን ሰርክአዲስ የምትባል ሴት አለች። ሄጄ ማሳዋ ላይ ስታርም አገኘኋት። "ከማሳሽ ወዲያ ያለው የማን ነው?" አልኳት። "የእማሆይ አመተ ሥላሴ" አለችኝ። ... ገባህ? ባላቸው ሲሞት ቆብ ጭነው መነኮሱ፣ ከዚያ ወዲህ እየሩስ ብሎ የሚጠራቸው ሰው የለም። ወረቀቱ ብቻ ነው እየሩስ የሚላቸው።

... አሁን ያለሁት እሳቸው ቤት ነው። አቶ ጋሻዬም አብረውኝ መጥተዋል። ... በሕይወት አሉ ወይ ትለኛለህ? ጥርሳቸው አልቋል እንጂ ምላሳቸው እኔንና አንተን ይሸጠናል።

ኢያቄም፣ ተቀመጥ። ... ቆመህ አይደለም፣ ተቀመጥ። አያትህ የሻው የደሳለ ልጅ አይደሉም። ... አይደሉም አልኩህ። በክፉ ቀን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ወላጆቹ ያለቁበት ሕፃን መጣ፣ ደሳለና ሚስቱ አሳደጉት። ካደገ በኋላ በደርግ ጊዜ መሬት ሲደለደል ድርሻ እንዲያገኝ ደሳለ "ልጄ ነው" ብሎ አጻፈው። አያትህም መሬቱን እንዳይነጠቁ ዝም አሉ፣ ለልጆቻቸውም ሳይናገሩ ሞቱ። ... አዎ፣ ለአባትህም።

... ኧረ ቀስ፣ አትሩጥ። ችግር አለ።

... አቶ ጋሻዬ "የሻው ወንድሜ አልነበረም" የሚል ቃል እዚሁ ጽፈዋል። እማሆይ ይፈርማሉ፣ አባ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ይዤ እሄዳለሁ ብለን ነበር። አይፈርሙም። ... አይፈርሙም። "ከአንድ ትሪ በልተን፣ ባንድ ቁርበት ተኝተን አድገናል፤ ሞቱን ስሰማ ፀጉሬን ተላጭቼ አልቅሼዋለሁ፤ ዛሬ በወረቀት ከአባቱ ቤት አላስወጣውም" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል።

... ለምኛቸዋለሁ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ለምኛለሁ። ... ወረቀት ብቻ ነው በያቸው? አንተ ና በላቸው። እኔ ደግሜ አልላቸውም። አየኋቸው እኮ ኢያቄም፣ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር እንባቸው ይመጣል።

... ምን አልክ? ... ተይው? ... ምኑን ነው የምተወው? አንተን? ... እኔ አልተውም። አንተ ከተውክ ንገረኝና ስልኩን ልዝጋው። ... እህ? ... አልሰማሁም፣ ጮክ በል። ... አልተውኩም አልክ። ደህና። አባትህም ፊት እንዲሁ ትላለህ።

ቆይ አንዴ፣ አትዝጋው።

— እማሆይ። እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወንድሜ አይደለም አይበሉ። እኔም እንዲሉ አልፈልግም፣ ተሳስቻለሁ። ማን እንደወለደው ብቻ ይንገሩኝ። ...

... ኢያቄም፣ እየሰማህ ነው? ዞሩ። ወደ እኔ ዞሩ። ...

— እሺ እማሆይ ... እሺ ... አዎ፣ የሚቀድስ ነው፣ ዲያቆን ነው፣ የየሻው የልጅ ልጅ ...

"ማን እንደወለደውማ እናገራለሁ፣ እውነቱን ለምን እክዳለሁ። ወንድሜ አይደለም ግን አልልም" ይላሉ። — አቶ ጋሻዬ፣ ያንን ወረቀት ይቅደዱት። አዎ፣ ይቅደዱት። በሌላ ይጻፉ፣ ወላጁን ብቻ። ... ይበቃል ይላሉ አቶ ጋሻዬ፣ ኢያቄም። ይበቃል!

... እሱንም ጠየቅኳቸው፣ ሞኝ ነኝ እንዴ? አባ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፤ የደሳለ ልጅ ካልሆነ የማን ነው፣ የእሱስ ሰባት ቤት ማን ነው ብለው ይይዙናል። እማሆይ ግን ያውቁታል። ... በቃላቸው! ሕፃኑ ሲመጣ አንድ ሽማግሌ ነው ያመጣው፣ የአባቶቹን ስም አብሮ ነግሮ ሄደ። የደሳለ ሚስት ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት ታስቆጥረው ነበር። የሰው ልጅ ነው፣ አድጎ ዘመዱን ሳያውቅ እንዳያገባ ብላ። እሱ ሲቆጥር እማሆይ አጠገቡ ተኝተው እየሰሙ ያዙት።

እስክሪብቶ አለህ? ... ጻፍ። — እማሆይ፣ ቀስ ብለው ይበሉልኝ። ... የሻው ሙሉሃብት ... ሙሉሃብት ሰውአገኝ ... ሰውአገኝ እንግዳወርቅ ... እንግዳወርቅ ወልደ ሐና። ከአንተና ከአባትህ ጋር ሰባት። ጻፍክ? ... ወልደ ኪዳን የለበትም። ከእኔ ቤት አንድም ሰው የለበትም። አሁን አንብብልኝ፣ እሳቸውም ይስሙ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ። ...

... ኢያቄም? ... አንብብ እንጂ። ... እያለቀስክ ነው? ...

... አይዞህ። ... አይዞህ እሺ። ቀስ ብለህ። ...

... አዎ። ... አዎ። ... ወልደ ሐና፣ አዎ። ልክ ነው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁልህ ነው። ከንፈራቸው አብሮህ ይቆጥራል።

ስማ፣ መኪናው ጥሩምባ እያሰማ ነው፣ ሳይመሽ ላሊበላ እንገባለን። ... እንገባለን ነው ያልኩት። እማሆይም ይመጣሉ እንጂ! አቶ ጋሻዬ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ ቢሉኝ፣ እሳቸው "ወንድሜን በወረቀት አልልከውም" ብለው ነጠላቸውን አነሱ። እሁድ ሽማግሌዎቹ ፊት ራሳቸው ይቆጥሩታል።

... የት ነው የሚያድሩት? እኛ ዘንድ ነዋ ... ብዬ ነበር። የሥጋ ዘመድነታቸው ከእኔ ጋር ነው፣ የአያቴ የአጎት ልጅ ናቸው፣ ከሴቷ ወገን ይቀመጣሉ ብዬ ነበር። እምቢ አሉኝ። "አንቺ ዘመድ ሞልቶሻል፤ እኔ የወንድሜን የልጅ ልጅ ልድር ነው የምሄደው፣ ከወንዱ ወገን ነኝ" አሉ።

ስለዚህ ኢያቄም፣ አሁኑኑ ግባና አባትህ ፊት ቁም። ድምፅህን ከፍ አድርገህ "አልጋ ያንጥፉ፣ አክስትዎ እየመጡ ነው" በላቸው። ... ሄሎ? ... ሄሎ? ... ወይ ኔትወርክ።

— ሰምቷል እማሆይ፣ ሰምቷል። ምርኩዝዎን ይያዙ፣ እንሂድ።