የራክ ኔ መንደር የይለፍ ቃል

ይህ በቅድሚያ ይታወቅ፤ የመንደሩ ጠባቂ መንፈስ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የራክ ኔው አጎት ታም ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ከቤታቸው ወጡ። ፀጉሩ ብዙ አልነበረም። ቢሆንም የበዓሉ ኮሚቴም የሶላር ማኅበሩም ሊቀ መንበር እሳቸው ስለሆኑ፣ ያለችውን ሥርዓት ማስያዝ ተገቢ መስሏቸዋል።

ፀጉር አስተካካዩ ከወንዙ ማዶ ነው። የመሻገሪያው ጀልባ ሞተር ደግሞ ተፈታትቶ ዳር ላይ ተዘርግቷል። ባለ ጀልባው «አሁን እንነሣለን» አለ። በዚያ ወንዝ ዳር ይህ ማለት ሄዳችሁ ተኙ ማለት ስለሆነ፣ አጎት ታም ወደ ሸንኮራ ጭማቂ ቤቱ ገብተው ከተንጠለጠሉት የመረብ አልጋዎች አንዱ ላይ ጋደም አሉ። ከጎናቸው ባለው መረብ የተኛችው የጎረቤታቸው የኡት ልጅ ዲየም መሆኗን ያዩት ከተመቻቹ በኋላ ነው። ዲየም ከተማ ሄዳ የኤሌክትሪክ ትምህርት የጨረሰች፣ ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት የማትችል ልጅ ናት።

«ደህና ዋሉ አጎቴ። ፊትዎን ያዞሩት እኔን ሸሽተው ነው?»

«ፀሐይዋን ሸሽቼ ነው። ኑሮዬ በሷ ነው እንጂ አብሬያት መተኛት አልችልም። እሺ፣ ከተማው ባል አልሰጠሽም?»

«አንድ ነበር። የሽሪምፕ ኩሬ እንዳለን ሲሰማ ሸተተው።»

«አፍንጫ ያለው ሰው ነው።»

ዲየም አልሳቀችም። «ከከተማ አይደለም የምመጣው። ከወንዙ ታች፣ ከአክስቴ ዘንድ ነው። ኩሬዋ አልቋል።»

«በሽታ ገባበት?»

«በሽታስ ጥሩ ነበር፣ ስም አለው። የሶላሩን ሣጥን ከሩቅ ዘጉባት። የሷን ብቻ አይደለም፣ የወረዳውን ሁሉ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በአንድ ጊዜ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ሣጥኑን ይወቅ። በራክ ኔ ከየቤቱ ጣሪያ ላይ ሶላር አለ፤ ከግድግዳው ላይ የፀሐዩን ኃይል የሚቀይር ሣጥን አለ። የተረፈው ኃይል ለመንግሥት የኤሌክትሪክ መስመር ይሸጣል። በየኩሬው የሚረቡትን ትናንሽ የውሃ እንስሳት፣ ሽሪምፖቹን፣ የሚያስተነፍሱት፣ ውሃውን የሚመቱት መቅዘፊያዎችም ኃይላቸውን የሚያገኙት በዚሁ ሣጥን በኩል ነው። ሣጥኑ ከተዘጋ መቅዘፊያው ይቆማል፤ በሙቀት ቀን መቅዘፊያ ከቆመ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ሳይነሣ ኩሬው በሞተ ሽሪምፕ ነጭ ይሆናል።

አጎት ታም ይህን ለማወቅ መምህር አያሻቸውም። ሁለት ምርት በላያቸው ላይ አልቋል። በመጀመሪያው ትልቁ ልጅ፣ በሁለተኛው መካከለኛው፣ ወደ ሰሜን ወደ ፋብሪካዎቹ ሄደዋል። የቀረው የመጨረሻው ልጅ ኮአ ነው። እሱም ሲቀር «ይህቺ ምርት ካልያዘች እኔም እሄዳለሁ አባዬ» ብሎ ነው የቀረው። የተናገረው በንዴት አልነበረም፤ አባትየውን ያስጨነቃቸውም ያ ነው።

«ማን ዘጋው?» አሉ።

«አይታወቅም።»

«ምን በድላዋለች?»

«ምንም። አያውቃትም እኮ።»

አጎት ታም መረቡን በእግራቸው ገፍተው ጥቂት ተወዛወዙ። «በኛ ጊዜ ሌባ በጀልባ ይመጣል። እናቱን እናውቃታለን። ሄደን እንነግራታለን።»

«ይኼኛው እናቱ የት እንዳለች አይታወቅም። አጎቴ፣ አይቆጡኝና፣ የኛ መንደር ሣጥኖች የይለፍ ቃል ምንድን ነው?»

«የጠባቂው በዓል ቀን ነዋ። እኔ ነኝ የወሰንኩት። ማንም አይረሳውም።»

«የሁሉም ቤት?»

«የሁሉም። ጎረቤት ለቅሶ ቢሄድ፣ ሆስፒታል ቢተኛ፣ ሌላው በስልኩ ገብቶ ሣጥኑን ያስነሣለታል። የአንዱ ኩሬ የሁሉም ነው። እንዲህ ነው የኖርነው፤ በሩን የሚቆልፍ ሰው እዚህ አገር ታምሟል ወይ ተብሎ ይጠየቃል።»

«ደግ ሐሳብ ነው።»

«ነው እንጂ።»

«የበዓሉን ቀን ግን ከመንደሩ መግቢያ ያለው የቦዩ ድልድይ ላይ በቀይ ጨርቅ ጽፈው ሰቅለውታል አጎቴ። የሚያልፍ መኪና ሁሉ ያነበዋል። ኮሚቴው ፎቶውን ኢንተርኔት ላይም ለጥፏል።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ አዩ። ጨርቁን ያሰቀሉት ራሳቸው ናቸው፤ ፊደሉ ከሩቅ እንዲነበብ ብለው ሁለት ጊዜ አስጽፈውታል።

«ቢያነበውስ? የኔን ምናምን ሣጥን ማን ይፈልጋታል? ሁለት አምፖልና አንድ መቅዘፊያ።»

«የእርስዎን ማንም አይፈልጋትም። የሚፈለገው ሁሉም በአንድ ላይ ነው። በሺህ የሚቆጠር ትንሽ ሣጥን በአንዲት ቅጽበት ቢጠፋ፣ መስመሩ በድንገት ኃይል ያጥረዋል፤ ከተማው፣ ሆስፒታሉ፣ የበረዶ ፋብሪካው አብረው ይጨልማሉ። እርስዎ በር አልዘጉም ማለት፣ ሌባው በእርስዎ በር ገብቶ የሌላ ሰው ቤት ያቃጥላል ማለት ነው።»

«ጠባቂው እያለ?»

«ጠባቂው ውሃውን ይጠብቅ። ስለ ሣጥኑ የነገረው አለ?»

«አፍሽ አባትሽን ይመስላል።»

«አባቴም ይኼንኑ ነው የሚለኝ።»

አጎት ታም ቢናደዱ ይሻላቸው ነበር። የልጅቷ ድምፅ ግን ክርክር የሚያሸንፍ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ደክሟታል። «አክስትሽ ምን እያደረገች ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«የሽሪምፕ ማውጫ መረቧን ይዛ ኩሬው ዳር ተቀምጣለች። አውጪው እንላታለን፣ አታወጣም። ካወጣችው ሞቷል ማለት ነው። ልጇ አጠገቧ ቆሞ ቦርሳውን ይዟል።»

«ለምን ቦርሳ ያዘ?»

«የከተማው አውቶቡስ ሊመጣ ነበር።»

ከዚህ በኋላ አጎት ታም አልተከራከሩም። ምን መደረግ እንዳለበት ጠየቁ፣ እሷም ነገረቻቸው። ስትጨርስ ግን እንዲህ አለች፦ «ይህን ሁሉ አድርገን እንኳ፣ ሣጥኑን የሠራው ፋብሪካ የራሱ መግቢያ አለው። እሱን እኔ መዝጋት አልችልም። ዳኑ ብዬ አልዋሽዎትም። የኛን በር እንዝጋ ነው የምለው።»

ጀልባው ተነሣ። አጎት ታም ተሻግረው ፀጉራቸውን ተቆረጡ። ለውጡን ያስተዋለ የለም።

በበዓሉ ዋዜማ መንደሩ በጠባቂው አዳራሽ ተሰበሰበ። አጎት ታም ጥቁሩን የሥርዓት ካባ ለብሰው ቆሙና ያመኑበትን አስተማሩ፤ በደንብም አስተማሩ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ ረጅም ይሁን፤ የልደት ወይም የበዓል ቀን አይሁን። ሶላሩን የተከለው ባለሙያ ለራሱ ትቶት የሄደው መግቢያ ይሰረዝ። ከውጭ የመግባት ፈቃድ የማያስፈልገው ይዝጋው። ፋብሪካው በኢንተርኔት የሚልከው የሣጥን ማስተካከያ ሲመጣ ዛሬ ነገ አይባል። ጎረቤት ሆስፒታል ቢተኛ፣ በስልክ ከመግባት በእግር ሄዶ ማስነሣት ይቻላል፤ እግር የተሰጠን ለዚህም ነው። ይህ ከሆነ ኩሬው ይተነፍሳል፣ የማናውቀው ሰው ሆስፒታል አይጨልምም፣ ልጆቻችንም ከደጃችን አይርቁም።

ሰው አጨበጨበ። ከኋላ አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች።

እውነቱን ለመናገር፣ አጎት ታም የራሳቸውን አልቀየሩም ነበር። ስልኩን ይዘው ተቀምጠው ያውቃሉ። ነገር ግን የጠባቂውን ቀን፣ በገዛ በዓሉ ሳምንት፣ በጣት መደምሰስ ከበዳቸው። በዓሉ ይለፍ አሉ። ለኮአ ግን «ቀይሬዋለሁ» ብለውታል፤ ልጁ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ ስለነበር።

«እንግዲህ» አሉ አሁን፣ «የይለፍ ቃሉን የቀየረ እጁን ያውጣ።»

የአዳራሹ እጅ በሙሉ ወጣ። ሽማግሌዎቹ፣ ሴቶቹ፣ ከበሮ መቺው ሳይቀር ዱላውን ይዞ። ኮአ ከሦስተኛው ረድፍ አወጣ። አጎት ታምም አርአያ መሆን ስለሚገባቸው የካባውን እጅጌ ሰብስበው አወጡ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠችው ዲየም ዞር ብላ እጆቹን አየች፤ መጀመሪያ ደስ ያላት መሰለ።

ያን ጊዜ ከውጭ የመቅዘፊያዎቹ ድምፅ ቆመ።

መብራት አልጠፋም። ከሣጥን ሳይሆን በቀጥታ ከመንግሥት መስመር የሚሠራው የአዳራሹ ፋን ከላያቸው መዞሩን ቀጠለ። የቆመው በየኩሬው ያለው ነው፤ በቀኝም በግራም፣ ከመንገዱ ማዶም፣ እንደ አንድ። ስልክ የነካ ሰው የለም፤ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል። በጸጥታው ውስጥ ከሩቅ፣ ከመንደሩ ዳር፣ አንድ መቅዘፊያ ብቻውን ውሃ ሲመታ ይሰማል። የዲየም አባት የኡት ኩሬ በየት በኩል እንደሆነ የማያውቅ እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ሁሉም መቅዘፊያ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ማን እንዳቆመው፣ ማንስ እንዳስነሣው፣ ሞክሮ ይሁን ቀልዶ፣ የጠየቀ የለም። ማንም እጁን ለማውረድ የመጀመሪያው መሆን አልፈለገም።

ኮአ የራሱን በቀስታ አወረደና ወደ መድረኩ፣ ወደ አባቱ፣ አየ። አጎት ታም እጃቸው እንደተሰቀለ ነበር።