ለየአጫጁ ዋንጫ ያደሉት መኳንንት ዱባለ

ወንድሜን ለመሸኘት ከዘመሮም ከመሐል ሜዳም የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እኔ ታናሽ እህታቸው አያልነሽ የነገርኳትን ልጃቸው አርሴማ ጽፋዋለችና፣ «ይቺ ወሬኛ» ሳትሉ ስሙኝ።

አቶ መኳንንት ከአባታቸው ከአቶ ዱባለ ወልደ አማኑኤል፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ካሳነሽ አወቀ በጥቅምት 1956 ዓ.ም. እዚሁ ሞላሌ ተወለዱ። እዚህና መሐል ሜዳ ተምረው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብ አጥንተው፣ አዲስ አበባ የአየር ትንበያ የሚያወጣ ተቋም ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጠሩ፤ ወይዘሮ ጌታነሽንም አግብተው አርሴማንና ቴዎፍሎስን ወለዱ።

ታዲያ ተቋሙ መቶ ሃያ ስምንት ኮር ያለው ኮምፒውተር ቢያስመጣ፣ የውርጩ ትንበያ ውርጩ ግልገሉን ከፈጀ በኋላ ይደርሰን ጀመር። ኮር ማለት በማሽኑ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ነው፤ ሲበዛ ይፈጥናል የተባለው ጭራሽ ተጎተተ። አለቆቹ «ግማሹን አጥፍተን እንገላገል» ሲሉ፣ እሳቸው «ጥፋቱ የሠራተኞቹ አይደለም፣ የሥራ አከፋፋያቸው ፕሮግራም፣ የከርነሉ ነው» ብለው ድርቅ አሉ።

እናታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ከርነል እያስተካከልኩ ነው» ቢሏቸው «ኮሎኔል» ሰምተው ለገበያው ሁሉ አዳረሱት! ወንድሜ ለገብስ አጨዳ ሲመጡ ደቦው «ኮሎኔል፣ ጦርዎ የታለ?» እያለ ቢያላግጥባቸው፣ «ጦሬማ እንደናንተው ዋንጫ ይጠብቃል» አሉ። ያን ቀን ጠላው የሚዞረው በአንድ ዋንጫ ነበርና፣ አጫጁ በበዛ ቁጥር ማጭዱን ጥሎ ተራ የሚጠብቀው በዝቶ ነበር። ከአፋቸው የወጣው ለራሳቸው ደነቃቸው፤ ለካ ኮሮቹም ከርነሉ ውስጥ አንዲት የጋራ ቁልፍ እስክትደርሳቸው ነው ሥራ ፈትተው የሚቆሙት! ለየኮሩ የየራሱን አደሉት።

በየአገሩ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራበትን ይህን ከርነል በጋራ የሚንከባከቡት የዓለም ባለሙያዎች ግን የወንድሜን እርማት ደጋግመው መለሱባቸው። ኩላሊታቸው ታሞ ሐኪሙ «ይረፉ» ቢላቸው፣ «ሳይቀበሉኝ አልተኛም» ብለው ከአልጋ ላይ እያረሙ ላኩ። ባለፈው ጥቅምት ተቀበሏቸው! በኅዳር የውርጩ ወሬ በጠራራ ፀሐይ ደርሶን ግልገሎቻችንን በጊዜ አስገባን፤ ዋሸሁ እንዴ? ይህንንም በስልክ ስነግራቸው እንደ ልጅ ሳቁ።

አቶ መኳንንት በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ እኔን እህታቸውን፣ ደግሞም በየአገሩ ስማቸውን ሳያውቅ በሥራቸው የሚጠቀመውን ሰው ሁሉ ትተው ነው የሄዱት። የጀመሩትን ጨርሰዋልና የድንግል ልጅ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ማልቀሱ ይደርሳል፤ በመጀመሪያ እልል በሉላቸው!