ሁለት ሰው የሚያስረው አጥር

በእኛ ጊዜ አጥር አንድ ሰው ብቻውን አያጥረውም ነበር፣ ሰማችሁ ልጆች? የእንጅባራ ቀርከሃ እንደሆነ ሞልቷል፣ ቆርጦ መትከሉ ቀላል ነው፤ ማሰሩ ነው ሰው የሚፈልግ። አንዱ ከወዲህ ይቆማል፣ አንዱ ከወዲያ። ማሰሪያ ልጡን እኔ በቀርከሃው መሀል እሰደዋለሁ፣ ጎረቤቴ ተቀብሎ፣ ጠበቅ አድርጎ ይመልስልኛል፣ እኔ ደግሞ እቀበለዋለሁ። ጎረቤቴ ማለት አያ ታፈረ ነው፣ ያው ከዚህ ግንብ ወዲያ ሲያስል የምትሰሙት።

ታዲያ መስቀል ሲያልፍ፣ ያ ክረምት የበላው አጥር በስብሶ ይጠብቀናል፣ እና ተጣልተንም ቢሆን ይመጣል። ላሜ ጎመኑን በላችበት ተብሎ ዓመት ሙሉ ተኳርፈን እናውቃለን እኮ! ይመጣና ከወዲያ ሆኖ፣ «ስደደው!» ይላል። ሌላ ቃል የለም። እሰደዋለሁ። ጥቂት እንደሄድን፣ «አላጠበቅከውም፣ እጅህ ሞቷል እንዴ?» ይለኛል። «የሞተስ ያንተ!» እለዋለሁ። ታዲያ መሰዳደብ ከጀመርን ታረቅን ማለት አይደል? ሽማግሌ የለ፣ ይቅርታ የለ፣ አጥሩ ሲያልቅ ጠቡም ያልቃል።

እና አምና ክረምት ሳይገባ፣ እኔ ለእህቴ ባል ተዝካር ግምጃ ቤት ከተማ ሄድኩ። ልጄ ደግሞ፣ ደግ ነው ልጄ፣ ክፉ እንዳትሉብኝ፣ አባቴ በስተርጅናው ቀርከሃ ሲጎትት አይኑር ብሎ፣ ያን ተሠርቶ ያለቀ የኮንክሪት አጥር በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ስመለስ በባጃጅ ነው የመጣሁ፣ እና ቤቴን አጣሁት! «ኧረ አሳለፍከኝ» አልኩት የባጃጁን ልጅ። «እዚሁ ነው ያሉኝ እኮ አባባ» አለኝ። ግንብ ቆሟል። እንደ ብሎኬት ቀን አይፈጅም፤ ምሰሶውን ይተክላሉ፣ ምሰሶው በጎንና በጎኑ ቦይ አለው፣ የኮንክሪቱን ሳንቃ ከላይ እያንሸራተቱ አንዱን ባንዱ ላይ ይጭኑታል፣ በቃ።

በቀርከሃው አጥር መሀል እኔና አያ ታፈረ የምንተላለፍበት መሹለኪያ ነበረን። «መሹለኪያስ?» አልኩት ልጄን። «አያ ታፈረ በየት ይመጣል?»

«አባባ፣ የታችኛው ሳንቃ እንዲወጣ የላይኛው ሁሉ መነሳት አለበት። መሹለኪያ ካለውስ ምኑን አጥር ሆነ?» አለኝ። እውነቱን ነው።

በማግስቱ አያ ታፈረን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ተዝካር ነበርክ አሉ። ጥሩ ቀን መረጥክ» አለኝ።

«እመቤቴን! አላወቅኩም።»

«ባንተ ደጅ ግንብ ሲቆም አንተ ሳታውቅ? ሌባ ከሆንኩብህ ፊት ለፊት አትነግረኝም ነበር?» አለና በአዊኛ ጨመረበት፤ አንጀቱ ሲቆስል ነው በአዊኛ የሚናገረው፣ ያለውን አልነግራችሁም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? መስቀል ይለፍ ብዬ ተውኩት። ሁልጊዜ የሚያስታርቀን መስቀል ነዋ! መስቀል አለፈ፣ እና ደጅ ቁጭ ብዬ «ስደደው» እስኪለኝ እጠብቃለሁ። አያችሁ ጅልነቴን? ምኑን ነው የምሰደው? በየት በኩል?

ሲያቅተኝ ልጤን ጠቅልዬ፣ በትልቁ በር ወጥቼ፣ በአስፋልቱ ዞሬ ደጁ ሄድኩ። በዚያ በር እንደ እንግዳ ቆሜ አላውቅም። ወጣ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልጥ ነው።»

«ምን ልታስርበት? ግንቡን?»

ልጡን ዘረጋሁለት። እሱም ልጡን አየው፣ አየውና፣ «እኔና አንተ የምናስረው የለንም፣ ወንድሜ። ግባ ወደ ቤትህ፣ ይበርድሃል» አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቢሰድበኝ ምን ነበረበት! ቢሰድበኝ እኮ ገና ጎረቤት ነበርን። ይበርድሃል አለኝ፣ እንደማያውቀው ሽማግሌ።

«ታዲያ አባባ፣ ይፍረስ አይሉም?» አለች ስታዳምጥ የቆየችው የልጅ ልጃቸው።

ቢፈርስስ ልቡ ይመለሳል? ደግሞ በምን ጉልበት፣ እሱም ደክሟል እኔም ደክሜያለሁ። ልጄ «አሳብ አይግባህ፣ ይኼ አይበሰብስም» ብሎኛል። (ሽማግሌው ሳቁ።) አይበሰብስም! ቀርከሃው መበስበሱ ነበር እኮ እኛን ያኖረን። አሁን እኛ ሄደን ግንቡ ይቀራል።

ዝም በሉ እስቲ... ሳለ፣ አያ ታፈረ ከግንቡ ወዲያ። አለ እንግዲህ።