በጠባቧ ወጥ ቤት የቆመው ቡፌ

ሰው የጎረቤቱን ቤት ጉድለት ከደጅ ሆኖ ያያል፤ የራሱን ግን ውስጡ ተቀምጦም አያይም። ይህን ያስባለኝ የአንድ ሽማግሌ አናጢ ነገር ነው።

አናጢው አንድ ረፋድ የቃጠሎ ቅባት ገዝተው ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ፣ የቤት ንድፍ ሥራ ከተማረችው የእህታቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ልጅቱ ዝቅ ብላ ሰላምታ ሰጠችና የያዙትን አየች።

«ምነው ጋሼ፣ ማን ታመመብዎ?»

«አክስትሽ ናት። የፈላ ውሃ ክንዷ ላይ ተደፋ። ፊቷን አለማግኘቱ እግዜር ረድቷት ነው። እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ በቃ፣ ከእንግዲህ ወጥ ቤት እንዳትገባ ብያለሁ። ሠራተኛ እቀጥራለሁ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ታለቅሳለች» አሉ አናጢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «‹ሠርቼ ሳላበላ ከዋልኩ ምኑን ኖርኩት!› ትላለች።»

ልጅቱ አክስቷን ለመጠየቅ አብራቸው ሄደች። አክስቷ ክንዳቸው እንደተጠቀለለ ሲያዩአት ፈገግ አሉ። ከዚያ አስፈቅዳ ወጥ ቤቱን አየች። ክፍሏ እንደ መተላለፊያ ረዝማ የጠበበች ናት። ምድጃው በሩ ሥር፣ የዕቃ ማጠቢያው ደግሞ ማዶ፣ መስኮቱ ሥር ነው። በመካከላቸው አናጢው ለሠርጋቸው በገዛ እጃቸው የሠሩት ትልቅ ቡፌ ቆሟል። ሳሎኑ አልበቃው ብሎ ነው እዚያ የገባው፤ የእንግዳ ብርጭቆና ሳህን ታቅፎ የመንገዱን ግማሽ ይዟል።

«ጋሼ፣ ካላስቀየምኩዎ አንድ ነገር ልናገር። እትዬን ያቃጠላቸው የእጃቸው መንቀጥቀጥ አይደለም፤ መንገዱ ነው። የፈላ ድስት ይዘው ከበሩ እስከ መስኮቱ ይሄዳሉ፤ ቡፌው ጋ ሲደርሱ በጎናቸው ይዞራሉ። በጎኑ የሚሄድ ሰው የያዘውን እንዴት ይጠብቃል?»

የአናጢው ፊት ጠቆረ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ! ይህን ቡፌ ያየ ሁሉ እጅህ ይባረክ ብሎኛል። ደግሞስ ትምህርትሽ ግድግዳ ያሰፋል እንዴ?»

«ግድግዳው አይነካም፣ ጋሼ። ሥራው ግን ተራ አለው፤ ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ ይበስላል። ዕቃውም በዚያው ተራ ይቁም። ውሃው ካለበት ከመስኮቱ እንጀምር፤ አጠገቡ የመክተፊያው ጠረጴዛ፣ ከዚያ ምድጃው፣ ሁሉም በአንድ ግድግዳ። ያን ጊዜ ድስቱን የሚሸከመው የለም፤ በመክተፊያው ላይ ሳብ ተደርጎ ውሃው ጋ ይደርሳል። ምድጃውም ከበሩ ስለሚርቅ የገባ ሁሉ የድስቱን ጆሮ አይገፋም። በወዲያኛው ግድግዳ ዕቃ በአንድ ረድፍ የሚይዝ ቀጭን መደርደሪያ ይሠራ፤ ከባዱ ታች፣ የዘወትሩ እጅ በሚደርስበት። በሩ ተንሸራታች ይሁን፣ ሰው ላይ አይከፈት።»

«እንግዳ ሲመጣስ? ብርጭቆዬ የት ሊገባ ነው?»

«እንግዳማ መጥቶ ይሄዳል። እዚህ የሚውሉት እትዬ ናቸው።»

መልሱ ቁም ነገር ነበረው። ነገር ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በገዛ እጁ የሠራውን ልቀቅ ሲሉት ብልሁም ያው ነው። አናጢው ደጃፉ ላይ ወደቆሙት ሚስታቸው ዞሩ።

«ኧረ ንገሪያት እንጂ! ይህ ቡፌ የልብሽ አይደለም? አንድ ቀን አጉረምርመሽ ታውቂያለሽ?»



«ስትሠራው አይቼሃለሁ» አሉ ሚስትየው። «ስትልገው፣ ስትወለውለው፣ ፊትህ ሲበራ። ታዲያ እንዴት ብዬ መንገድ ዘጋብኝ ልበልህ? ሆድ ከአገር ይሰፋል ብዬ ቻልኩት። ልጆቻችንን ሳረግዝ እንኳ ሆዴን በእጄ ደግፌ ነበር የማልፈው። አሁን ግን እኔን ከወጥ ቤቴ ከምታስወጣኝ፣ እሱን አስወጣልኝ።»

አናጢው አንገታቸውን ደፉ። ለማንም ቤት በር ሲሠሩ የሚያልፍበትን ሰውና የሚያልፈውን ዕቃ ሳይለኩ እንጨት ቆርጠው አያውቁም ነበር።

«የስንቱን መተላለፊያ ስለካ አንቺን ሳልለካ ኖሬያለሁ! ይቅር በይኝ» አሉ። ከዚያም ሌላ አናጢ አልጠሩም። መጋዛቸውን አንስተው ቡፌውን ራሳቸው ፈቱት፤ ጣውላውን ቀጭን መደርደሪያ አደረጉት፤ ምድጃውንና በሩንም ልጅቱ እንዳለችው አስተካከሉ።

ክንዳቸው ሲሽር ሚስትየው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሠራተኛ የሚል ቃል ከዚያ በኋላ አልተነሣም። የሚፈልጉት በእጃቸው ሥር ሆነ፤ እሳትና ውሃ ተቀራረቡ፤ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ድስቱ በጠንካራ ነገር ላይ ስላለ አይደፋም። ምሳ ቶሎ ይደርሳል፣ ወገባቸውም ያርፋል። ወዳጆቼ፣ ቤት የሚጠበው ብዙ ጊዜ በግድግዳው አይደለም፤ ለሚያይ እንግዳ ብለን የሚሠራውን ቤተሰብ ስንረሳ ነው።

አንድ ቀን አናጢው ውሃ ሊጠጡ መጥተው፣ እንደ ልማዳቸው ሚስታቸው እስኪወጡ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ቡፌው ሳለ ክፍሏ ለሁለት ሰው አትበቃም ነበርና!

«ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ፣ ይበቃናል» አሉ ሚስታቸው።

አናጢው ገቡ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ትዳር በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ቆመው ሽንኩርት ላጡ።