ጭረት የመሰለው ቁጥር

ብረት በቶርኖ የሚቀርጹት አዛውንት ከመስኮት መስኮት ሲመላለሱ ራሳቸው ዞሮባቸው በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆመው ሳለ፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰውነት ውስጥ የሚቀበሩ የሕክምና ዕቃዎችን መርማሪ መሆኗን ያውቃሉ፤ እዚህ መዛወሯን ግን አልሰሙም።

«አጎቴ! ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«እኔስ ምን አውቄ! አክስትሽ ነገ አከርካሪዋን ኦፕራሲዮን ልትሆን ተኝታለች። አጥንቷ ላይ የሚታሰረውን ብሎን እንደታዘዘው ገዝቼ ባመጣ፣ ያም "አልቀበልም"፣ ያም "አልቀበልም"። ጉድ እኮ ነው!»

ብሎኖቹን የቋጠሩበትን ጨርቅ ፈቱላት። ስድስት ብሎኖች ያብለጨልጫሉ።

«ከማሸጊያቸው ማን አወጣቸው?»

«እኔ ነኝ! አንገታቸው ተጫጭሮ አየሁ። ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ፣ የተጫረ ብረት ለገዛ ሚስቴ? በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ አደረግኩት።»

«ወይኔ አጎቴ! ጭረት እኮ አይደለም፣ መለያ ቁጥራቸው ነው።»

ሙያ ደግ ነገር ነው፤ ሲበዛ ግን ዓይን ይጋርዳል። በእርግጥ ለእሳቸውስ ማን ነግሯቸው!

«ብሎን ቁጥር ምን ይሠራለታል? ትምህርት ቤት ሊገባ ነው?»

«ማን እንደሠራው፣ ከምን ብረት እንደሆነ፣ መፈተሽ አለመፈተሹን የምናውቀው በቁጥሩ ነው። ነገ ፋብሪካው "እነዚህ ጉድለት አለባቸው" ቢል፣ መዝገብ ገልጠን በሽተኛውን እንጠራለን።»

«አሁን የባሰ ግራ አጋባሽኝ። ብረቱ ያው ነው! በይ ፈርሚልኝ፤ ዘመድ አይደለሽ?»

«አልፈርምም። ለመሆኑ በብረት ተሳስተው አያውቁም?»

አዛውንቱ ጨርቁን መልሰው ቋጠሩ። «አንዴ... የውሃ ፓምፕ ዘንግ ሠርቼ በሳምንቱ ተሰበረ። ደህና ብረት መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ፓምፑን ፈታን፣ ለወጥን።»

«አክስቴንስ እንዴት አድርገን እንፍታት?»

አዛውንቱ ቋጠሮውን ኪሳቸው ከተቱ። «በቃ፣ ገባኝ። እንዲህ ከሆነስ ሕጉ ጥበቃ ነው እንጂ ክልከላ አይደለም።» ሌላ ብሎን፣ ማሸጊያው ያልተነካ፣ በሳምንቱ እንደሚደርስ ነገረቻቸው።

ወደ ክፍሏ ሲገቡ ሚስትየው ሕመሙ ጸንቶባት ትራሷን ነክሳ ተኝታለች። «ነገ ነው አይደል?»

«የዛሬ ሳምንት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያም የሰሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አስረዷት፤ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ከስሟ ጎን እንደሚጻፍ፣ ብሎኑ ጉድለት ቢገኝበት ሐኪሞቹ እንደሚያውቁ፣ ሳይሰበር እንደሚጠሯት፣ ጥፋተኛውም እንደሚጠየቅ።

«እንግዲያው» አለች ሕመሟን ውጣ፣ «ፍቀህ ያጠፋኸው እኔን ነው በለኛ!»

«አዎ» አሉ፤ እጇንም ይዘው አለቀሱ።